የውዴታ ገደብ

ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው የውሾቹ ጩኸት ነበር። ቀጥሎ የባለ አራት ጎማው ሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ተራራው ራሱ የተናደ ይመስል በጎቹ ባንድ ላይ ወደ ታች ፈሰሱ። ግዊሊም ጉረኖው በር ላይ ቆሞ በከዘራው ጠቆመ። የድንጋዩ ካብ ከፈረሰበት ክፍተት ላይ ሬዊ እንዲቆምና እጁን እንዲዘረጋ ነገረው። ሬዊም እንደታዘዘው ቆመ፤ እጁንም ዘረጋ።

ችግሩ ሬዊ ግዙፍ ሰው መሆኑ ነበር። ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ቢቀረውም ትከሻው አሁንም በር ይዘጋል። ከግዊሊም የተዋሰው ካፖርት እጅጌው ክርኑን አልፎ ብዙ አልሄደም፤ ቀዩ የሱፍ ኮፍያው ደግሞ በጉሙ ውስጥ እንደ መብራት ይታያል። መሪዋ በግ እሱን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላ ያሉት ተደራረቡባት። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊታቸውን አዙረው ወደ መጡበት ዳገት ተበተኑ።

ግዊሊም በዌልስኛ አንድ ነገር አለ።

«ምን አሉ?» ብሎ ሬዊ ልጁን ጠየቀው።

ኪንጊ ሞተሩን አቁሞ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ደግ ነገር አይደለም አባዬ። በል ኮፍያህን አውልቅና ከካቡ ጀርባ ቁጭ በል። ስጠራህ ብቻ ተነሳ።»

ኪንጊ የሬዊ ልጅ ነው፤ ለግዊሊም ደግሞ አማቹ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከኒውዚላንድ ወደ ዌልስ ለአንድ በጋ ብቻ በግ ሊሸልት መጥቶ፣ በመንደሩ አዳራሽ በተደረገ ጭፈራ ላይ የግዊሊምን አንድዬ ልጅ ኔስታን አየ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ለሠርጉ እናቱ አታሪያ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ መጥታ በጸሎት ቤቱ ውስጥ በአገሯ ቋንቋ ዘምራ ነበር፤ የመንደሩ አሮጊቶች ያንን ዝማሬ እስከ ዛሬ ያነሳሉ። ሬዊ ግን አልመጣም። ያኔ አውስትራሊያ ውስጥ በአንድ ቄራ ተቀጥሮ ይሠራ ነበርና ፈቃድ ከለከሉት። ስለዚህ ሁለቱ አባቶች እስካለፈው ሳምንት ድረስ የሚተዋወቁት በስም ብቻ ነበር። የሚያገናኟቸው ሚስቶቻቸው ነበሩ፤ አታሪያና የግዊሊም ሚስት ማይር በየገናው በስልክ ሲያወሩ ወንዶቹ ከየሳሎናቸው «ሰላም በይልኝ» ይላሉ። ማይር ቀድማ አረፈች። ዘንድሮ ደግሞ አታሪያ ተከተለች። ኪንጊ እናቱን ሊቀብር ሄዶ ሲመለስ አባቱን ይዞ መጣ፤ ባዶ ቤት ውስጥ ጥሎት መምጣት አልሆነለትም።

በሁለተኛው ሙከራ በጎቹ ገቡ። ሬዊ ከካቡ ጀርባ ሆኖ አፉን እንደ መጥባት አድርጎ ድምፅ አሰማ፤ ያፈነገጡት ሁለት ሦስት በጎች ተመልሰው ከመንጋው ተቀላቀሉ። ግዊሊም አየው። በሩን ሲዘጋ ቀስ አድርጎ ነበር የዘጋው።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን በጎቹ ከተራራው ይወርዳሉ። ያረጁት ወደ ገበያ፣ ወንዶቹ ግልገሎች ወደ ቄራ ይለያሉ፤ ገና ያልወለዱት ሴቶቹ ቄቦች ክረምቱ ሲያልፍ እናቶቻቸውን ተከትለው ወደ ተራራው ይመለሳሉ። ያ ተራራ አጥር የለውም። የግዊሊም በጎች የሚግጡበትን ወሰን የሚያውቁት እናት ለልጇ ስለምታሳያት ነው፤ ልጂቱም ለልጇ ታሳያለች። በየትኛው ጅረት እንደሚያበቃ፣ ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ ከየትኛው ቋጥኝ ሥር እንደሚጠጉ፣ ሰው አልነገራቸውም። የግዊሊም አያት ሲጠብቋቸው የነበሩት በጎች ያወቁትን እነዚህ ያውቃሉ። መንጋው አንድ ጊዜ ከተሸጠ ሌላ ገዝቶ መተካት አይቻልም። የተገዛው በግ በማግስቱ ሦስት ሸለቆ ተሻግሮ ይገኛል።

ዘንድሮ ግን ሁሉም ሊሸጥ ነው። ግዊሊም ይህን የተናገረው ከወር በፊት እራት ላይ፣ ቅቤ አቀብሉኝ እንደሚል ሰው ነበር። ነጋዴውን አነጋግሬያለሁ፣ መኪናው በጥቅምት ይመጣል አለ። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል። ራዲዮውም ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ በሚመጣው ሥጋ ላይ የነበረው ገደብ በአዲሱ ስምምነት በየዓመቱ እየላላ ሄዶ ጨርሶ እንደሚነሳ ደጋግሞ ያወራል። ከላይ ያለው ጎረቤቱ መሬቱን ዛፍ ለሚተክል ኩባንያ ሸጦ ወደ ከተማ ገብቷል። ሰው ሳይገፋኝ በገዛ እጄ ብሸጥ ይሻላል፣ አለ ግዊሊም።

ኔስታ ያን ምሽት አባቷን ወጥ ቤት ውስጥ ይዛ መንጋውን ይፈልግ እንደሆነ ኪንጊን ጠይቀኸው ታውቃለህ ወይ አለችው። የሚፈልግ ከሆነ አፍ አለው አላት። ይህንኑ ለባሏ ስትነግረው ደግሞ ኪንጊ፣ በሰው ቤት ገብቼ ርስትህን ስጠኝ የምል ሰው አይደለሁም ብሎ ውሾቹን ሊያበላ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ወንዶች ስለ አየሩና ስለ ውሾቹ ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም። በአንድ ጣራ ሥር ሆነው፣ አንዱ እስኪጠየቅ፣ ሌላው እስኪለመን ይጠብቃል።

ሬዊ በመጣ በማግስቱ ይህን አይቶ ነበር። እንግዳ ነውና ጣልቃ አልገባም።

ምሳ ሲደርስ ኔስታ ከበሩ ላይ ተጣራች። በትልቁ ድስት ካውል የሚሉትን የአገሯን ሾርባ ሠርታ ነበር፤ ባሮ ሽንኩርትና ድንች የገባበት፣ የበጉ አንገት ከአጥንቱ እስኪለቅ የበሰለበት። አራቱም የረጠበ ልብሳቸውን ምድጃው አጠገብ ሰቅለው ተቀመጡ። መኪናው የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጊዜ ነበራቸው፤ ግን ያን ጊዜ በምን እንደሚሞሉት ማንም የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ብቻ ይሰማል።

ሬዊ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ሲያይ ቆየ። ኮታቸው በዝናብ የበሰበሰ ገበሬዎች በአንድ ወደብ ላይ ተሰልፈዋል። መሀል ላይ ያለው ፀጉሩ ጥቁር፣ አገጩ ወደፊት የወጣ ጎልማሳ የካርቶን ሰሌዳ ከፍ አድርጎ ይዟል።

«ይሄ እርስዎ ነዎት?» አለው ግዊሊምን።

«እኔ ነኝ።»

«ሰሌዳው ላይ ምን ይላል? ዓይኔ አላነበበልኝም።»

ኔስታ ተነስታ ዳቦ ልትጨምር ሄደች። ኪንጊ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ፎቶው በዚያ ግድግዳ ላይ እሱ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሥሩ ተቀምጦ በልቷል፤ አንድም ቀን ግን ስለ ፎቶው ተወርቶ አያውቅም።

ግዊሊም አፉን ጠረገ። «'የኒውዚላንድ በግ፣ ወደ አገርህ ግባ' ይላል።»

ሬዊ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ከሆዱ ተነስቶ ወንበሩን እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ ሳቀ።

«ይኸው እኔ ደግሞ መጣሁ» አለ እንባውን እየጠረገ። «በግ ባልሆንም።»

ኔስታም ዳቦውን እንደያዘች ሳቀች። የግዊሊም ከንፈር ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ፈገግታ ለመሆን ግን ገና ነበር። ይልቅ ወደ ፎቶው ዞሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው ማውራት ጀመረ።

ያኔ ገና አርባ አልሞላውም ነበር። የበግ ዋጋ ወድቆ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው በረዶ ሥጋ በየሱቁ ሞልቶ፣ የሸለቆው ገበሬ ሁሉ አንድ አውቶቡስ ተከራይቶ ወደ ወደቡ ወረደ። ማይር ሌሊት ተነስታ ለአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ዳቦና አይብ ጠቅልላ ነበር። መንገዱን በሙሉ መዝሙር ሲዘምሩ፣ በአራት ድምፅ ተከፋፍለው፣ ሹፌሩ ሳይቀር ወፍራሙን ድምፅ ሲይዝ ሄዱ። ወደቡ ላይ እንደ ነጭ ሕንፃ የቆመ መርከብ ነበር። ዝናቡ አይጣል። ዕቃ አራጋፊዎቹ መጀመሪያ ሰደቧቸው፤ በኋላ አዝነው ሻይ አመጡላቸው። ከዚያ በኋላ፣ ቀኑን ሳይሆን ሰዓቱን ነው የማስታውሰው አለ ግዊሊም፣ ላም እያለብኩ ነበር፣ ኒውዚላንድ ወደ አውሮፓ የምትልከውን የበግ ሥጋ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ በፈቃደኝነት ተስማማች የሚል ወሬ በራዲዮ ተነገረ።

«ያን ዕለት ማታ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሻይ ነበር። ማይር አብራኝ ጨፈረች። እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ እያዩን። ማይር እኮ በሕይወቷ ጨፍራ አታውቅም።» ወደ ፎቶው መልሶ አየ። «አውቶቡሱ ውስጥ ከነበሩት አሁን እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ሰው እንኳን የለም።»

ሬዊ ሲሰማ ቆይቶ «በፈቃደኝነት ነው ያሉት?» ሲል ጠየቀ።

«እንደሱ ነው ያሉት።»

«ለእኛም እንደሱ ነበር ያሉን።»

ሬዊ ያኔ በኒውዚላንድ ታፑራው በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቄራ ውስጥ ነበር የሚሠራው። አባቱም እዚያው ሠርቷል። ሁለት ሰንሰለት ነበራቸው፤ በጉ ከላይ ተሰቅሎ በሰንሰለቱ ሲያልፍ ወንዶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው እያንዳንዱ የየድርሻውን ይቆርጣል። ቢላ ሲሳል የሚሰማው ድምፅ፣ ነጩ የጎማ ቦት፣ የእንፋሎቱ ትኩሳት፣ በሻይ እረፍት የሚነሳው የካርታ ጨዋታና ጭቅጭቅ፣ ሬዊ ሲያወራው እጁ ቢላ የያዘ ያህል በጠረጴዛው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። አንዱ ሰንሰለት ከሌላው ጋር በዘፈን ይፎካከራል። ከዚህኛው አንዱ ይጀምራል፣ ከዚያኛው ይመልሱለታል። አታሪያ ከቄራው በር ፊት ለፊት ባለው ምግብ ቤት ትሠራ ስለነበር ነፋሱ ወደ እሷ ሲሆን የሱን ድምፅ ለይታ ታውቅ ነበር፤ ወይም አውቃለሁ ትል ነበር።

«አንድ ቀን ሥራ አስቁመው በመመገቢያ አዳራሹ ሰበሰቡን» አለ። «ሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ወጣ። አገራችን የምትልከውን ሥጋ ለመገደብ በፈቃዷ ተስማምታለች አለን። እጄን አወጣሁ። 'ማነው የፈቀደው?' አልኩት። 'እኛ' አለኝ። 'እኛ ማለት እነማን ነን?' ስለው 'አገሪቱ' አለ። ዞር ብዬ አዳራሹን አየሁት። አገሪቱ እዚያ ውስጥ ያለች መስሎኝ።»

«አለዚያ በሩን ጠቅላላ እንዘጋባችኋለን ተብለው ይሆናል» አለ ግዊሊም።

«ይሆናል። ታዲያ ያ ውዴታ ነው? የውዴታ ግዴታ ነው እንጂ። አንገትህን ይዞ 'በፈቃድህ ጎንበስ በል' እንደሚል ሰው።»

ግዊሊም ራሱን ነቀነቀ። ሬዊ «አንገትህን» ብሎ አንተ እንዳለው ልብ ያለ አይመስልም ነበር፤ ወይም ልብ ብሎ ወዶታል።

መጀመሪያ ሁለተኛው ሰንሰለት ቆመ። ዘፈኑም ያኔ ቆመ፣ የሚመልስ ሰው የለማ። ጥቂት ዓመት አንካሳ ሆኖ ከረመና ቄራው ራሱ ተዘጋ። ሬዊ ሁሉንም በገደቡ ላይ አልጫነም፤ ያረጀው ማሽንም፣ ዕዳውም፣ የራሳቸው ትልልቅ ሰዎችም አሉበት አለ። ግን መጀመሪያ የተሰማው ስንጥቅ ያ ነበር። ቄራው የተዘጋው ኪንጊ ትምህርቱን ጨርሶ ከአባቱ ጎን ሊቆም በነበረበት ዓመት ነው። ቦታ ተይዞለት ነበር። እናቱ ነጩን የሥራ ልብስ በልኩ አሳጥራለት ነበር።

«ያ ሲቀር የመሸለቻ ማሽን አንጠልጥሎ ሄደ» አለ ሬዊ። «በግ ባለበት ሁሉ ዞረ። መጨረሻው እዚህ ሆነ።»

ግዊሊም ማንኪያውን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ነገሩ ወደ ጭንቅላቱ ሲገባ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ፣ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«እንግዲህ ቄራው ባይዘጋ ኪንጊ እዚህ አይመጣም ነበር።»

«ምን ያመጣዋል?»

«ይሄን እኮ አንድም ቀን አልነገረኝም።»

ኪንጊ ቀና አለ። «ጠይቀውኝ አያውቁም አባባ።»

ይህን ያለው ያለ ቁጣ ነበር፤ ግን ጠረጴዛው ላይ ከበድ ብሎ አረፈ። ሬዊ ነው ያነሳው።

«እናንተ ሥጋውን ከለከላችሁ» አለ ወደ ግዊሊም ጎንበስ ብሎ። «እኛ ልጁን ላክንላችሁ። በበር ያስወጣችሁት በመስኮት ገባ።»

«ለካ ያን ሁሉ ዝናብ ተደብድበህ ወደቡ ድረስ የሄድከው ለእኔ ባል ፍለጋ ነው» አለች ኔስታ አባቷን።

አሁን ግዊሊም ሳቀ። ሳቁ የዛገ ነበር፤ ከተሰማ ቆይቷል። ኔስታ ሳህኖቹን ስትሰበስብ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ አለፈች።

ኪንጊና ኔስታ በጎቹን ሊለዩ ቀድመው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ከጎተራው አጠገብ፣ ነፋስ በማያገኘው ግድግዳ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጉሙ ተገልጦ ተራራው ይታይ ነበር፤ ከላይ የጎረቤቱ መሬት በተተከለው ዛፍ ጠቁሯል፣ ከሥሩ የግዊሊም ሣር ቢጫ ሆኗል። ከጉረኖው ውስጥ እናቶችና ልጆች ይጣራሉ።

ግዊሊም የመጨረሻው ቀን እንዴት ነበር ሲል ጠየቀ። የቄራው ማለቱ ነበር።

ሬዊ ብዙ አላወራም። የመጨረሻው በግ ካለፈ በኋላ ሰንሰለቱ ባዶውን ትንሽ እንደዞረ፣ ማንም እንዳላጠፋው፣ ወንዶቹ ቢላቸውን አጥበው ከየቦታቸው ሳይነቃነቁ እንደቆዩ ነገረው። በኋላ አንዱ ሽማግሌ ወደ ቤት መሄድ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለ።

«እኔን የሚቆጨኝ መዘጋቱ አይደለም» አለ። «የሚዘጋ ነገር ይዘጋል። የሚቆጨኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እምቢ እል ነበር፤ እነሱም እምቢታዬን ሰምተው ይዘጉት ነበር። ቢሆንም ተጠይቄ ነበር።»

ግዊሊም ከዘራውን በጉልበቶቹ መሀል አቆመ።

«ዛሬስ ማን ነው ያስገደደህ?» አለው ሬዊ። «መንግሥት ነው? ነጋዴው ነው? እኔ ነኝ?»

«ራሴ ነኝ።»

«በውዴታህ?»

ከታች ከመንገዱ የመኪና ድምፅ መጣ።

ባለ ሁለት ፎቅ የበግ መኪና ነበር። ሹፌሩ ሃወል የታችኛው መንደር ሰው ነው፤ ለግዊሊም ለዓመታት ጭኖለታል። ዘንድሮ ሁሉንም እንደሚጭን ሲሰማ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መወጣጫውን አወረደ። መጀመሪያ አሮጌዎቹን እናቶች ወደ ታችኛው ፎቅ አስገቡ። ገቢያቸው ጸጥ ያለ ነበር። ከነሱ ብዙዎቹ ግዊሊም በገዛ እጁ ከእናታቸው ማሕፀን ያወጣቸው ናቸው፤ አንዷን በበረዶ ውስጥ በደረቱ ይዞ ያመጣት፣ አንዷን ማይር ምድጃው አጠገብ በጡጦ ያሳደገቻት። መኪናው ውስጥ ገብተው በብረቱ ክፍተት አፍንጫቸውን አወጡ።

ወንዶቹ ግልገሎችም ተከተሉ። የቀሩት ቄቦቹ ነበሩ። ሃወል የታችኛውን በር ቆልፎ ለላይኛው ፎቅ መወጣጫውን ከፍ አደረገ። ኪንጊ ቄቦቹን ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ሲነዳ አንዷ እግሯን በብረት አጥሩ መሀል አስገብታ ተያዘች። ጎንበስ ብሎ አላቀቃት። ከዚያ መልቀቅ ሲገባው አልለቀቃትም። በአንድ ክንዱ አቅፏት፣ በሌላው እጁ እግሯን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰ፤ ደህና መሆኑን አወቀ፤ ደግሞ ዳሰሰ። ፊቱን ከሰው አዙሮ ነበር።

ግዊሊም ከበሩ አጠገብ ሆኖ ጀርባውን አየ። ይህ ሰው ከሠላሳ ክረምት በላይ በዚህ ግቢ ሲጎነበስ አይቶታል። በበረዶ፣ በወሊድ ሰሞን፣ ማይር ሆስፒታል በነበረችበት ጊዜ ብቻውን፣ ምንም ሳይጠየቅ። ግዊሊም አንድ ቀን የሚናገር እየመሰለው ጠብቆ ነበር። ቁልፍ እንደያዘ በር ላይ እንደሚቆም ሰው፣ ውስጥ ያለው እስኪያንኳኳ።

«ኪንጊ» አለ።

«አቤት አባባ።»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ስለ ምኑ?»

ግዊሊም በአገጩ ወደ ቄቦቹ፣ ወደ መኪናው፣ ወደ ተራራው አመለከተ። «ስለዚህ ስለ ሁሉም። ሳልጠይቅህ ቀርቻለሁ። እየጠየቅኩህ ነው።»

ኔስታ ከአጥሩ ማዶ ባለችበት ቆመች። ሃወል ትንባሆውን ከኪሱ አወጣና ወደ መኪናው ማዶ ዞረ። ኪንጊ ቄቧን እንዳቀፈ ፊቱን ወደ ግዊሊም መለሰ።

«ቄቦቹ ይቅሩ» አለ። «ሌላው ይሂድ። ቄቦቹን ግን ይተዉልኝ።»

«ሥጋው እንደ ጎርፍ ይመጣል ይላሉ። ገደቡ ሲነሳ።»

«ይምጣ። እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት።»

ሬዊ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እጁን ያይ ነበር። ቀና አላለም።

ግዊሊም ብዙ ነገር ሊናገር ይችል ነበር። ዋጋው እንደሚወድቅ፣ ኪንጊ ራሱም ሃምሳ እንዳለፈው፣ የሱና የኔስታ ልጅ ካርዲፍ ከተማ ነርስ ሆና እንደቀረችና ከሱ በኋላ ማንም እንደሌለ። ኪንጊም ይህን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የቀረውን አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ቄብ ብቻዋን ተራራው ላይ አትቆይም።»

«አትቆይም» አለ ኪንጊ።

«ወሰኑን ማን ያሳያታል?»

የኪንጊ ዓይን ወደ መኪናው ታችኛው ፎቅ ሄዶ ነበር፤ የግዊሊምም ተከተለው። አሮጌዎቹ በብረቱ ክፍተት አፍንጫቸውን አውጥተው ይተነፍሳሉ።

ግዊሊም ከዘራውን ተመርኩዞ ወደ ሃወል ሄደና የታችኛውን በር እንዲከፍት ነገረው። ሃወል አሁን መቆለፉ እንደሆነ፣ ነጋዴውም ከተማ ላይ እየጠበቀ እንደሆነ አስረዳ። ነጋዴውን እኔ አነጋግረዋለሁ አለ ግዊሊም፤ የሚመለሱት ጥቂት ናቸው፤ የቀሩትን ይዘህ ትሄዳለህ፤ የላይኛው ፎቅ ባዶውን ይሄዳል። ሃወል የግዊሊምን ፊት አየና ትንባሆውን ወደ ኪሱ መልሶ መወጣጫውን አወረደ።

ኪንጊ ቄቧን ለኔስታ ሰጥቶ ወደ በሩ መጣ።

«የትኞቹ ይውረዱ?» አለ።

ግዊሊም እያንዳንዷን በፊቷ ያውቃታል። በሰሜኑ ነፋስ ሌሎቹን ወደ ቋጥኙ ሥር የምታስከትለው የቷ እንደሆነች፣ ጅረቱን አልፋ የማታውቀው የቷ እንደሆነች፣ የነዚህ እናቶች እነማን እንደነበሩ ያውቃል። ከዘራውን አንስቶ ወደ መጀመሪያዋ ሊጠቁም ዘረጋ። አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አወረደው።

«አንተ ምረጥ» አለው።

«እርስዎ ይሻላሉ አባባ።»

«እኔን አትየኝ። በጎቹን እይ።»

ወደ አግዳሚው ተመለሰና ለሬዊ ክንዱን ሰጠው፤ ወይም የሬዊን ክንድ ያዘ፤ ማን ማንን እንዳነሳ አይታወቅም ነበር። ና ሻይ እንጠጣ፣ እግሬ ቀዘቀዘ አለው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በጭቃው ላይ እየተደጋገፉ ወደ ቤቱ ሄዱ። ከኋላቸው የበግ ኮቴ በእንጨቱ መወጣጫ ላይ ሲወርድ ተሰማ፤ አንዷ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላዋ። ሬዊ ዞር ብሎ ተመለከተ። ግዊሊም ግን መራመዱን ቀጠለ፤ ኪንጊ የትኞቹን እንደመረጠ አላየም።